አንድ ቁጥር ለማካፈል እስከ አቦቦ

ከጋምቤላ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ጎረቤቴማ «ጋምቤላ፣ ዲማ ወርቅ ልትቆፍር ሄዳ ነው» ብላ የደብረ ብርሃንን ሰው አዳርሳለች። ወርቅ አልቆፈርኩም፣ እዚያ ዘመድ የለኝም፣ ለሥራም የላከኝ የለም። የሄድኩት አንድ ቁጥር ለማካፈል ነው። ይህን ስናገር ሰው ፊቴን አይቶ ወሬ ይቀይራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፈውና የፈለገ ይፍረደኝ።

ቁጥሩ 1,000,283 ነው። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን፣ በፈተና ማባዣው ማሽን ጎን ላይ በተለጠፈች ቆርቆሮ ተቀርጾ ነበር። የሒሳብ መምህራችን አንድ ቀን ማሽኑን እየዞሩ «ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም?» አሉን። ብቸኛ ቁጥር፣ ፈረንጆቹ ፕራይም የሚሉት፣ ከአንድና ከራሱ በቀር በእኩል የሚያካፍለው የሌለ ነው። አሥራ ሁለት ወንበር ቢሰጣችሁ በሦስት ረድፍ አራት አራት አድርጋችሁ ትደረድራላችሁ። አሥራ ሦስት ከሆነ ግን ከአንድ ረጅም መስመር በቀር ሌላ መላ የለውም። አንድ ሚሊዮን የሚያህል ቁጥር ብቸኛ መሆኑን ለማወቅ ከአንድ ሺህ በታች ላሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ይበቃል። እነሱም መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው። የአንድ ሳምንት ሰዓታትም ልክ መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው፤ ኦጁሉ ይህን የደረሰበት ቀን ሲስቅ ዋለ።

ኦጁሉ ከጋምቤላ የመጣ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ሥራውን ለሁለት ተካፈልነው፤ ሰማንያ አራት ለእሱ፣ ሰማንያ አራት ለእኔ። እሱ ከሁለት እስከ 433 ያሉትን ትንንሾቹን ወሰደ። እኔ ከ439 እስከ 997 ያሉትን ወሰድኩ፤ ረጅም ማካፈል ላይ ጉረኛ ነበርኩ። የብቸኛ ቁጥሮቹን ዝርዝር ያዘጋጀሁትም እኔው ነኝ። ክረምቱን ሙሉ በእጃችን ስናካፍል ከርመን አንድም ጊዜ ቀሪው ዜሮ አልመጣም። «ብቸኛ ነው» ብለን አስታወቅን፣ መምህራችንም ተነሥተው ጨበጡን። ከዚያ ወዲህ ሳስተምር በየዓመቱ ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ታሪኩን አወራለሁ። አንድም ተማሪ ስልኩን አውጥቶ አላጣራውም፤ ወይም አጣርቶ አፍሮልኛል።

ኦጁሉ እዚያው ጋምቤላ፣ አቦቦ ገብቶ ሒሳብ አስተማሪ ሆነ። በየዘመን መለወጫው እንደዋወላለን። ሰው የሚያስበውን አውቃለሁ፣ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ስለ ቀሪ ብቻ ነው ያወራነው፤ ከዚያ የበለጠ የሚያቀራርብ ነገር አላየሁም። ዓምና ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ሰነፈ፣ ንግግሩ ተጎተተ፣ ከክፍል ቀረ። ጥር መጨረሻ ላይ ደወለልኝ።

«ዓለም፣» አለኝ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ። «ቁጥራችንን እንደገና ጀመርኩት። መቶ ስልሳ ስምንቱንም፣ ዝርዝሩን ከአዲስ አውጥቼ። ጭንቅላቴ መመለሱን ላይበት ብዬ ነው። አንዱ ላይ ዜሮ መጣ።»

«የቱ ላይ?»

«በአንቺ ድርሻ ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም። ነይና በእጅሽ አካፍይው።»

የሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርት ሰኞ ሳምንት ይጀመራል፣ ርዕሰ መምህሩ የሰኞን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ይዞለታል። ኦጁሉ ግን ለራሱ ፍርድ ሰጥቷል። የተሳሳተው የእሱ ጭንቅላት ከሆነ ሰኞ የሚያስገባው የሥራ መልቀቂያ ነው። «ልጆች ፊት ቆሜ ያልሆነ ነገር አላስተምርም» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «በስልክ እንዳታዪው» ብሎ አስማለኝ። «ስልኩ የሚነግረኝ ስለ ቁጥሩ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ራሴ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ወይ የኦጁሉ ጭንቅላት አልተመለሰም፣ ወይ እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አፌን ሞልቼ ያልሆነ ነገር ሳስተምር ኖሬያለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የጸለይኩት ሁለተኛው እንዳይሆን ነበር። ወዲያው አፈርኩ።

ረቡዕ

ደብረ ብርሃን የካቲትም ገብቶ ጧት ጧት አጥንት ይሰብራል። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ የድሮውን የማካፈያ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ። አዲስ አበባ ደርሼ ለነገ የጋምቤላ ትኬት ቆረጥኩና አውቶቡስ ተራው አጠገብ አንድ ክፍል ያዝኩ። ትኬት ቆራጩ «እትዬ፣ ጋቢውን ምን ሊያደርጉት ነው?» አለኝ። ነገሩ የገባኝ አርብ ዕለት ነው።

ሐሙስ

ከጧቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን። አጠገቤ የተቀመጠችው ትዕግስት የምትባል የደብረ ሲና ልጅ ነበረች። ነርስ ናት፣ ከእረፍት ወደ ማታር ጤና ጣቢያ መመለሷ ነው። ጂማን ሳናልፍ ቁርሷን አካፍላኝ፣ የእናቷን የስኳር በሽታ ነግራኝ፣ የእኔን ዕድሜ ጠይቃኝ ጨርሳለች።

መነጽሬን አድርጌ ደብተሩን ከፈትኩና የድሮ ሥራዬን እየመረጥኩ እንደገና ማካፈል ጀመርኩ። መንገዱ ሲነጥር እርሳሱ ይዘላል፣ እኔም እየተከተልኩት እጽፋለሁ። ለ439 አካፈልኩ፣ ቀሪ 241። ደብተሩም 241 ይላል። ለ503፣ ቀሪ 319፤ ልክ ነው። ለ943፣ ቀሪ 703፤ ልክ ነው። የመጨረሻው 997 ላይ ቀሪ 292፤ እሱም ልክ ነው።

«መምህር፣ ምን እያሰቡ ነው እንዲህ የሚቆጡት?» አለችኝ ትዕግስት።

ነገርኳት። ወንበሮቹንም፣ ረጅሙን መስመርም፣ ኦጁሉንም። ልጅቷ ሰምታ ጨረሰችና «ስትሮክ የመታው ሰው አንዳንዱ ቁጥር ይጠፋበታል» አለች። «ገንዘብ መቁጠር ያቃተው፣ ሰዓት ማንበብ የተሳነው አይቻለሁ። ለአንዳንዱ ይመለስለታል። መቼ እንደሚመለስ ግን ማንም አያውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ይታወቃል?»

«ይኸው፣ እርስዎ እንደሚሄዱት ሰው ሄዶ ያየዋል።»

በደሌ እስክንደርስ አርባ ያህል አካፈልኩ። አንዱም አልተሳሳተም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደረቴን እነፋ ነበር፤ አሁን ግን የእኔ ልክ በወጣ ቁጥር እርሳሴን አስቀምጬ በመስኮት አያለሁ። እኔ ልክ በሆንኩ ቁጥር ኦጁሉ ከሰኞ ክፍሉ እየራቀ ነበር።

ከበደሌ ወዲያ ጫካው መንገዱን ከሁለት በኩል ዘጋው። እኛ ጋ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ዛፍ ብሎ ነገር ባህር ዛፍ ነው። እዚህ አረንጓዴው በአረንጓዴ ላይ ተደራርቦ ብርሃኑ እንደ ውሃ ይንጠባጠባል። እንቅልፍ ወሰደኝና አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ሰዎች በአንድ መስመር ሲሄዱ አየሁ። በጫካው ውስጥ ለውስጥ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይሄዳሉ። ጎን ለጎን ሊሆኑ ይሞክራሉ፣ ሁልጊዜ የሚተርፍ ሰው አለ፣ የተረፈው እንዳያዝን ብለው ተመልሰው አንድ መስመር ይገባሉ። እኔም ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነበርኩ፤ ጀርባው ኦጁሉን ይመስላል፣ ስጠራው ግን አይዞርም። ትዕግስት ትከሻዬን ነክታ ስታነቃኝ መቱ ገብተናል።

መቱ ያደርኩበት ሆቴል ባለቤት እትዬ ጽጌ ይባላሉ። እግሬ አብጦ ሲያዩ ማንም ሳያዛቸው የሞቀ ውሃ በጨው በሳፋ አመጡ። ሽሮው ከእኛ ሽሮ ቀላ ይላል፣ ሚጥሚጣውም ይበረታል። «ጋምቤላ ምን አለዎት?» አሉኝ። «አንድ ሒሳብ አለኝ» አልኳቸው። ዕዳ መሰላቸው መሰለኝ፣ ሲያዝኑልኝ አመሹ።

አርብ

ጎሬ ላይ ጉም ነበር፣ ጋቢዬን አጥብቄ ተከናነብኩ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወረደ። አንድ ኩርባ ስናልፍ ጋቢውን አወረድኩ፣ ሌላ ኩርባ ላይ አንዱን ሹራብ፣ ሦስተኛው ላይ ሁለተኛውን። «መምህር፣ ጋምቤላ ሳንደርስ እንዳያልቅብዎ» ብላ ትዕግስት ሳቀችብኝ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ አየሩ ወፈረ፣ ዛፎቹ ተራራቁ፣ ሜዳው ተዘርግቶ ጫፉ አልታይ አለ። ስምንት ሰዓት ላይ የባሮን ድልድይ ተሻገርን። ውሃው ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፣ ሰው ከነልብሱ ይታጠባል፣ ቁመታቸው የትየለሌ የሆነ ወጣቶች ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ያወራሉ። እኛ ጋ ወንዝ ውስጥ እንዲያ የሚቆም ሰው ብርድ በልቶት ይሞት ነበር።

ጋምቤላ በያዝኩት ፔንሲዮን ስሜን ልጽፍ ስል መነጽሬ የለም። ቦርሳዬን ገለበጥኩት፣ የለም። መቱ፣ ትራሱ ሥር። ያለ መነጽር በቅርብ ያለ ጽሑፍ ለእኔ ጉንዳን ነው፤ ደብተሩም ሆነ ስልኩ አይታየኝም። ለእትዬ ጽጌ ትዕግስት ደወለችልኝ። «አግኝቼዋለሁ፣» አሉ፣ «በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ለማውቀው ሹፌር እሰጠዋለሁ፣ እስከ ማክሰኞ ይደርስልዎታል። አንጀቴን በሉት፣ በዚህ ላይ ደግሞ ሒሳብ አለብዎት።»

ትዕግስት ወደ ማታር የሚሄድ መኪና አግኝታ ልትሄድ ስትል እጄን ይዛ «ውጤቱን ይደውሉልኝ» አለች። ከዚያ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ከባሮ የወጣ ዓሳ በላሁ። አንድ ዓሳ ለእኛ ቤተሰብ የሚበቃ ነበር። ቬንትሌተሩ ሲዞር አየሁት፣ ክንፎቹ ሦስት ናቸው። ብቸኛ ቁጥር ነው ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ

የአቦቦ ሚኒባስ ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሁላችንም ወርደን ዛፍ ሥር ቆምን። ከመንገዱ ዳር ካለው ግቢ አንዲት እናት ወጥተው፣ ላቤን አይተው፣ ቋንቋዬን ሳይጠይቁ ዝቅ ያለች መቀመጫና ውሃ ሰጡኝ። ጎማው እስኪቀየር አጠገቤ ቆመው በቅጠል አራገቡኝ። ስሄድ የማውቀውን ምስጋና ሁሉ ደረደርኩ። እሳቸው ሳቁና መቀመጫቸውን ይዘው ገቡ።

ኦጁሉ አቦቦ መውረጃው ላይ ከዘራ ይዞ ቆሟል። ረጅምነቱ እንዳለ ነው፣ ፀጉሩ ነጥቷል። ግራ እጁን ዘረጋልኝና «ቀኙ ዕረፍት ላይ ነው» አለኝ። ሳቅኩና በሁለት እጄ ያዝኩት።

ቤቱ በር ላይ ትልቅ ማንጎ አለ፣ ግንዱ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፏል። ሰሌዳው ንጹሕ ነው። «አሁን እናካፍለው?» ስለው «መጀመሪያ ብይ» አለኝ። ስበላ «ዕረፊ» አለኝ። ሳርፍ «ነገ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ» አለኝ። መፍራቱ ገባኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ ፈርቼ ነበርና።

ወደ ማምሻው ሚስቱ አሪየት ከጓሮ ዓሳ ስታጥብ ልረዳት ሄድኩ። አሪየት ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች፣ አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፣ ትርፍ የለውም።

«ዓለም፣ እኔ ሒሳብ አላውቅም» አለችኝ። «ግን ይህን አውቃለሁ። ያ ሰሌዳ ከሌለ ኦጁሉ ከአልጋ አይነሳም። በግራ እጅ መጻፍ እሱ ላይ ተማረ። ነገ ቁጥሩ እንቢ ካለ፣ ልክ ነህ በዪው።»

«ልክ ካልሆነስ?»

«ልክ ካልሆነም በዪው። አንዲት ውሸት ናት።»

«ያውቅብኛል፣ አሪየት። ሰሌዳ ላይ ነው የምሠራው። አፌ ቢዋሽ እጄ አይችልም።»

ቢላዋዋን አጠበች። «ስልክ አለሽ» አለች። «ለምን አላየሽም?»

«ምያለሁ። ደግሞም ፈራሁ። አንቺስ? አንቺም ስልክ አለሽ።»

«እኔም ፈራሁ» አለችኝ። ከዚያ የቀረውን ዓሳ አጥበን ጨረስን።

እሑድ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እነሱ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ግን ብቻዬን ቤት ከምቀር ብዬ ተከትዬ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። መዝሙሩ በከበሮ ነው፣ ቃሉ አንድም አልገባኝም፣ ድምፁ ግን ወንዝ ውስጥ የቆምኩ እስኪመስለኝ ከበበኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ያ የሕልሜ መስመር በመዝሙሩ ውስጥ ሲያልፍ አየሁት። እባክህ፣ አልኩ፣ እኔ ልሳሳት።

ተመለስን። ኦጁሉ ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ተቀመጠ። «እስክትጨርሺ አትናገሪ» አለኝ። አሪየት በሩ ላይ ቆማለች። መነጽር ስላልነበረኝ ጠመኔውን ይዤ ቁጥሩን ክንዴን በሚያህል ፊደል ጻፍኩት፣ 1000283።

«ለስንት?» አልኩ።

«ለዘጠኝ መቶ አርባ አንድ።»

ሺህ ውስጥ 941 አንዴ ይገባል፣ ሃምሳ ዘጠኝ ይተርፋል። ሁለትን ሳወርድ 592 ሆነ፤ አይበቃም፣ ዜሮ። ስምንትን ሳወርድ 5928 ሆነ። ስድስት ጊዜ 941፣ 5646 ነው። ቀነስኩ፣ 282 ቀረ። የመጨረሻዋን ሦስት አወረድኩ፣ 2823። ሦስት ጊዜ አንድ ሦስት፣ ሦስት ጊዜ አራት አሥራ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ሃያ ሰባት፣ ከአንዷ ጋር ሃያ ስምንት። ሦስት ጊዜ 941 ራሱ 2823 ነው።

ከሥሩ መስመር አሰመርኩ። ምንም አልቀረም። ከታች ወደ ላይ አባዛሁት፣ 941 ጊዜ 1063፤ ያው 1,000,283 ተመልሶ መጣ።

«ዜሮ» አልኩ።

ኦጁሉ ወዲያው አልዞረም። ትከሻው ብቻ ትንሽ ወረደ። ከዚያ፣ አስተማሪ አይደል፣ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር «ታዲያ አንቺ ያኔ ቀሪው ስንት ነው ብለሽ ነበር?» ነው።

ደብተሩን ሰጠሁት። ጭኑ ላይ ዘርግቶ በግራ ጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። «ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሰባት። ዘጠኝ መቶ አርባ ሦስት። ዘጠኝ መቶ አርባ ሰባት።»

«መሀሉን አንብበው እንጂ።»

«መሀል የለም፣ ዓለም። አርባ አንድን አልጻፍሽውም።» ጣቱ አርባ ሦስት ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ሃያ ሦስት ጊዜ አርባ አንድ፣ ዘጠኝ መቶ አርባ ሦስት ነው። ይሄ ብቸኛ አይደለም። እዚህ ምን ይሠራል?»

ይህን ያሰላው በቃሉ ነው። አሪየት አላስተዋለችም፣ እሱም ራሱ አላስተዋለም። እኔ ግን አየሁት፣ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ተቀምጬ ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት በወንፊት ነበር። በሠንጠረዥ ጎዶሎዎቹን ቁጥሮች እስከ ሺህ ትደረድራለህ፣ የሦስት ብዜቶችን ትሰርዛለህ፣ የአምስትን፣ የሰባትን፣ እያልክ ትሄዳለህ፤ ሳይሰረዙ የሚተርፉት ብቸኞቹ ናቸው። የሃያ ሦስትን ብዜቶች ስሰርዝ 943ን መሰረዝ ሲገባኝ እርሳሴ አንድ ሳጥን ስቶ ጎረቤቱን 941ን ሰረዘ። ጥፋተኛው ተረፈ፣ ንጹሑ ጠፋ። አንድ ወጥቶ አንድ ስለገባ ድምሩ መቶ ስልሳ ስምንት ሆኖ ወጣ፣ ድምሩ ልክ ስለሆነም ማንም አልጠረጠረም። ለ943 ግን በጥንቃቄ አካፍያለሁ፣ ቀሪውም 703 ነው። አውቶቡስ ላይ እንኳ ደግሜ አካፍዬ ልክ ነው ብያለሁ።

«ማን ነው የተሳሳተው?» አለች አሪየት ከበሩ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አሪየት። ሠላሳ አምስት ዓመቴ።»

ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም። ገባችና የኦጁሉን ነጭ የማስተማሪያ ጋዋን አውጥታ አራግፋ ገመዱ ላይ አሰጣችው። እኔ አለቀስኩ። በሕይወቴ በስህተቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ኦጁሉ ወንበሩን አዙሮ የሰሌዳውን ዜሮ እያየ «ክብ አድርገሽ ጽፈሻታል» አለኝ።

ፀሐይ ሲቀንስ በባጃጅ ወደ አልዌሮ ግድብ ወሰዱኝ። ሩዙ ታጭዷል፣ አገዳው ብቻ በረድፍ በረድፍ ቀርቷል፣ ውሃው ከወዲያ ዝም ብሎ ተኝቷል። እኛ ጋ ስንዴው በዳገት ላይ ነው፣ ረድፉን ዓይን ይዞ አይጨርሰውም። እዚህ ሜዳው ልክ እንደ ሠንጠረዥ ነበር። ያን የሕልሜን ሰልፍ አሰብኩት። ብቻውን ሆኖ የኖረው መስመር ተጣጥፎ እርሻ ሆነ፣ 941 ረድፍ፣ በየረድፉ 1063፤ አንድም የሚተርፍ የለም። ኦጁሉ «ምን እያየሽ ነው?» አለኝ። «ሰው» አልኩት። አልጠየቀኝም።

ሰኞ

ከልጆቹ ኋላ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኦጁሉ ጋዋኑን ለብሶ ገባ። በግራ እጁ ቁጥሩን ጻፈ፤ ፊደሉ ያዘማል፣ እያንዳንዱ ቁጥር ጊዜ ይወስዳል። ጨርሶ ሲዞር ላብ አጥምቆታል።

«ስናገር ቀስ እላለሁ» አላቸው። «ስጽፍም ቀስ እላለሁ። እናንተም ቀስ በሉ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል አለ ወይስ የለም?»

አንድም እጅ አልወጣም። ተሳስቶ መሳቂያ መሆንን የሚፈራ ልጅ የትም አገር አንድ ነው፣ እዚያም ዓይኑን ደብተሩ ላይ ይተክላል።

«ከኋላ የተቀመጠችውን መምህር እዩዋት» አለ ኦጁሉ። ሁሉም ዞሩ። «ትልቅ የሒሳብ መምህር ናት። በዚህ ቁጥር ላይ ሠላሳ አምስት ዓመት ተሳስታ ኖራለች። ምንም አልሆነችም። አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች። ዓሳ በላች።» ልጆቹ ሳቁ። «ስለዚህ እጃችሁን አውጡ።»

አንዲት ከፊት የተቀመጠች ልጅ አወጣች። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ።

ማክሰኞ

ከጋምቤላ ልንነሣ ስንል የመቱው ሹፌር ስሜን እየጠራ መጣ። እትዬ ጽጌ መነጽሬን በሁለት ጨርቅ ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ ትንሽ ቋጠሮ ሚጥሚጣ ጨምረው ልከዋል። ለትዕግስት ደወልኩላት፤ «ማን ተሳሳተ?» አለች፣ «እኔ» ስላት ማታር ላይ ሆና ስትስቅ ተሰማኝ።

አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር መነጽሬን አድርጌ ደብተሩን ከፈትኩ። 937 እና 943 መካከል ያለችው ክፍተት ከጣት ጥፍር አትሰፋም። እዚያች ውስጥ አዲስ መስመር ገብቷል። ጽሑፉ ወደ ግራ ያዘማል፣ እያንዳንዱ ፊደል ጊዜ እንደወሰደ ያስታውቃል።

«941፤ ቀሪ 0። ስለ ስህተትሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»